እማዬ ልትናገር ስትል

እኔ የምኖረው በማባዛት ነው። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት ማሽንና አንድ የመጠረዣ ጠረጴዛ በግድ በያዘች ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው መጽሐፍ፣ የሰው ማስታወሻ፣ የሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሳደርግ እውላለሁ። ቤት ስገባ ጣቶቼ በቶነር ጠቁረዋል፣ ፀጉሬም የሞቀ ወረቀት ይሸታል። አባዬ ደግሞ በዚህ ምድር ላይ ከምንም በላይ የሚጠላው ነገር ኮፒ ነው። እግዜር ማላገጥ ሲያምረው ሁለታችንን አንድ ጣሪያ ስር አስቀመጠን።

ጠዋት ጠዋት ሻዩን ፉት እያለ፣ "ዛሬስ የማንን ልፋት ልታባዢ ነው?" ይለኛል።

"የተማሪዎቹን።"

"ተማሪዎቹ ናቸው የጻፉት?"

"አባዬ፣ የምትጠጣው ሻይ ስኳሩ የተገዛው ከዚያው ነው።"

"መረረኝ እያልኩሽ እኮ ነው" ይልና አንድ ማንኪያ ይጨምርበታል።

አባዬ የፊልም መብራት ሠራተኛ ነበር። ፊልም በሲዲ እየታተመ በየሱቁ በሚሸጥበት ዘመን፣ ተዋናዮቹ ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ኋላ የፊልም ሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም ሊቀመንበር አድርገው መረጡት። ማኅበሩ ከፈረሰ ቆይቷል፣ የሰፈሩ ሰው ግን አሁንም "ሊቀመንበር" ነው የሚለው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰልፍ ላይ ሲቆም እንኳ ስብሰባ የሚመራ ይመስላል።

እማዬ ተዋናይ አልነበረችም። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነበር የምትሠራው። አንድ ቀን አባዬ ረስቶት የወጣውን ጃኬት ልታደርስለት ፊልም የሚቀረጽበት ቤት ሄደች። የዚያን ቀን የእናት ክፍል የምትጫወተው ሴትዮ ቀርታ ዳይሬክተሩ ፀጉሩን እየነጨ ነበር አሉ። እማዬ ጃኬቱን አንጠልጥላ በሩ ላይ ስትቆም አያትና፣ "እሷ ናት!" ብሎ ጮኸ። እማዬ ሌባ ያሏት መስሏት ልትመለስ ነበር። ለምነው፣ አባብለው፣ አንድ ትዕይንት አሠሯት።

ትዕይንቱን እንዲህ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከራሴ ፊት ይልቅ እሱን ነው የማውቀው። እማዬ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ትገባለች። ትሪ ላይ ሾርባ ይዛለች። ከቤት ወጥቶ ሊሄድ ሻንጣውን የሚዘጋ ወጣት አለ፣ በፊልሙ ልጇ ነው። ትሪውን ፊቱ ታስቀምጣለች። እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ቀና ብላ ታየዋለች፣ አፏን ትከፍታለች። እዚህ ላይ ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ዲስክ ማጫወቻው ዴክም አንድ ነገር የሚያኝክ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ልጁ ሻንጣውን ይዞ መንገድ ላይ ነው። በቃ።

ይህቺው ናት የኔ እናት። የሞተችው እኔ ገና ጥርሴን እየነቀልኩ ሳለሁ ነው። ፎቶዎች አሉን፣ ፎቶ ግን አይራመድም። እጇን አስታውሳለሁ፣ ፀጉሬን ስትሠራ ጭንቅላቴን በጉልበቷ እንዴት እንደምትይዘው አስታውሳለሁ። ድምጿን ግን አላስታውሰውም። ስንት ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ፈልጌው አጣሁት። ትንሽ ሆኜ አፏን በከፈተች ቁጥር 'ዛሬ ትናገር ይሆናል' እያልኩ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አሁንም አድጌ፣ ራሴን ችዬ፣ ሰው ከማሽን ሲጣላ የማስታርቅ ሴትዮ ሆኜ፣ እዚያች ቦታ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አባዬ በየቀኑ ራት ከመቅረቡ በፊት ያያታል። ከወንበሩ ወደፊት ዘንበል ይላል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እኔንም በእጁ ዝም ያሰኘኛል። ልጁ መንገድ ላይ ሲታይ ያጠፋዋል። ፊልሙ እንዴት እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ታዲያ ዲስኩ መታመም ጀመረ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ነጣ ነጣ የሚል ነገር ታየበት። ቀጥሎ እማዬ በሩን ስትገፋ ምስሉ በካሬ በካሬ ይበታተን ጀመር። ትከሻዋ አንድ ቦታ፣ ትሪው ሌላ ቦታ። አባዬ ዲስኩን አውጥቶ ይተነፍስበታል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል፣ ይመልሰዋል። ዴኩ አንዳንዴ ይታረቀዋል፣ አንዳንዴ "ዲስክ የለም" ብሎ ይጽፍለታል። አባዬም ቴሌቪዥኑን "ዓይንህ ይጥፋ፣ ይኸው በእጄ አስገብቼው!" እያለ ይሰድበዋል። እስቃለሁ።

አንድ ቀን ራት ላይ አላስቻለኝም።

"አባዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዲስኩ ሳይሞት እናስቀዳው።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ምን እናድርገው?"

"እናስቀዳው። ፍላሽ ላይ ይሁን፣ ሌላ ዲስክ ላይ ይሁን፣ የትም።"

"በዚህ ቤት?"

በዚህ ቤት ማለቱ ያለ ነገር አይደለም። ማኅበሩ በነበረበት ጊዜ አባላቱ አዳራሽ ሙሉ ቆመው እጃቸውን አንስተው ምለዋል፤ በቤቴ የተቀዳ ፊልም አይገባም ብለው። ቀድሞ የማለው አባዬ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ፊልም ይዞ ከመጣ በራፍ ላይ ይፈትሸዋል፤ ኮፒ ከሆነ ጉልበቱ ላይ ቀጭ አድርጎ ሰብሮ ስብርባሪውን በትህትና ይመልስለታል። የአክስቴ ልጅ የገዛ ሠርጉን ቪዲዮ ይዞ መጥቶ እንኳ የራሱ ሠርግ መሆኑን እስኪያስረዳ ሾርባው ቀዘቀዘ።

"አንቺ ያኔ ልጅ ነሽ" አለኝ። "አንድ ፊልም ዓመት ሙሉ እንሠራለን። ፀሐይ እየጠበቅን፣ ጄኔሬተር እየገፋን፣ ተዋናይ እየለመንን። ሰኞ ሱቅ ይገባል፤ ሐሙስ መንገድ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ በዳቦ ዋጋ ይሸጣል። የገዛው ሰው ደግሞ እኛኑ ያገኝና 'ፊልማችሁ ደስ ይላል፣ ግን የኔ ኮፒ ትንሽ ይቆራረጣል' ብሎ ስሞታ ያቀርባል! ስንቱ የመብራት ልጅ ኬብሉን ሸጦ ሹፌር ሆነ። ጉሮሯችንን ዘጉት። ለዚህ ነው ፊልሞቹን እንዳይቀዱ የቆለፍናቸው።"

"እሺ፣ ያኔ ልክ ነበራችሁ። አሁንስ? ዳይሬክተሩ ሞቷል። የፊልሙ ካምፓኒ የነበረበት ቤት ፍራሽ ይሸጥበታል። ልግዛ ብዬ ገንዘቤን ይዤ ብወጣ የሚሸጥልኝ የለም። እስቲ ከማን ነው የምሰርቀው?"

"ከቃሌ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ከወረቀት ጋር ውዬ ከአባዬ ጋር ስለማድር የትኛው እንደሚብስ አውቃለሁ። ያበሸቀኝ ግን ይሄ አይደለም። ያበሸቀኝ የሚለው ነገር ልክ መሆኑ ነው። የሰው ላብ በነፃ ሲቸበቸብ ማየት ምን እንደሚመስል፣ እኔ በየቀኑ በገዛ እጄ የማደርገው ነገር ስለሆነ፣ ከሱ እኩል ይገባኛል።

"እሷ እኮ ናት አባዬ። ዲስኩ ሲሞት እሷ ሁለተኛ ልትሞት ነው።"

ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ሾርባውን አልጨረሰም።

ቅዳሜ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ዲስኩን ከዴኩ አወጣሁት። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንዲሉ፣ በቶነር ካርቶን ውስጥ ደብቄ፣ በገዛ ሰፈሬ ግድግዳ ግድግዳ ይዤ ሄድኩ። የምሄደው ቁልፌ ወደሚሉት ሰውዬ ነበር። የማኅበሩን ፊልሞች በሙሉ የቆለፈ እሱ ነው። አሁን አንድ ፎቅ ደረጃ ስር፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ቦታ ስልክ ይጠግናል። ፊቱ ላይ የታሰረች አጉሊ መነጽር አለች፣ ጠረጴዛው ላይ የተሰነጠቀ የስልክ ፊት እንደ ሰሐን ተደርድሯል።

ዲስኩ ላይ ያለውን ሥዕል ሲያይ አጉሊውን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። "የሊቀመንበር ልጅ ነሽ።"

"ጋሽ ቁልፌ፣ ክፈትልኝ። ገልብጥልኝ።"

"እሱ ያውቃል?"

"ፀጉሩን እየተቆረጠ ነው።"

ሳቀ። ሲስቅ ደግ ሰው መሰለኝ። ኩርሲ አወጣልኝና ዲስኩን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተው። እየጠበቅን ሳለ ቁልፉ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኩት።

"ቀላል ነው። ዲስኩ ላይ ሆን ብዬ የማይነበብ ቦታ እሠራለሁ። ዴክ ትሁት ነው፣ 'እዚህ ስትደርስ ዝለል' ካሉት ይዘላል። ሲዘል ግን ምስሉ ትንሽ ቀጥ ይላል፣ አይተሽው የለ? ኮምፒውተር ደግሞ ሁሉን ካላነበብኩ ባይ ነው። መቅዳት ሲጀምር እዚያ ቦታ ላይ ይጋጭና ይቀራል።"

"ቀጥ የሚለው እናቴ ላይ ነው" አልኩት። "ዲስኩ ስላረጀ ይመስለኝ ነበር።"

"አይ፣ ከመጀመሪያውም እዚያ ነው።" ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። "ቁልፉን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

"ጠቀመ ግን? ያ ሁሉ ቁልፍ?"

"ሌባውን ሳምንት አቆየው። ታማኙን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቆልፎታል።" ዞሮ አየኝ። "አባትሽ አልነገረሽም?"

"ምኑን?"

ዝም ቢል ይሻለው ነበር፣ ግን አንዴ ጀምሮታል። ያ ፊልም ረጅም ነበር አለኝ። ዲስኩ እስከ አፉ ሞልቷል። ቁልፉ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። የምስሉን ጥራት ልቀንስ ሲል ካሜራማኑ አበደ። እንግዲያው ከፊልሙ የሆነ ነገር ይቆረጥ ተባለ። መሪ ተዋናዩ "የኔ እንባ ይቆረጣል?" ብሎ ተነሳ። ሙዚቃ የሠራው ሰው ሙዚቃዬን ብትነኩ ስሜን አውጡልኝ አለ። እያንዳንዱ የራሱን አቅፎ ተቀመጠ፤ ከራስ በላይ ንፋስ ነው። ያኔ አባዬ ብድግ አለ።

"'የሚስቴን ቁረጡ' አለ። 'ሊቀመንበር ለቤቱ አዳላ አትሉኝም።' እናትሽ አፏን ከከፈተች በኋላ ትናገር ነበር። ረዘም ያለ ንግግር ነበር፣ ለሚሄደው ልጇ። እሱን አወጣንና ቁልፉን በቦታው አስገባን። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ነው የቆረጥኩት።"

አንድ ደንበኛ መጥቶ ስልኩን ጠየቀ፣ ሄደ።

"የተቆረጠውስ?" አልኩ በመጨረሻ። "የሆነ ቦታ ይኖራል አይደል?"

"ሃርድ ዲስክ ያኔ ብርቅ ነው፣ እህቴ። አንዱን ፊልም ስናስረክብ አጥፍተን ነው ሌላውን የምንጭንበት። ካሴቱም ላይ ሌላ ይቀረጽበታል። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ቀጣዩ ፊልም ሲመጣ ጠረግኩት።"

እንዳይሰረቅ ሲቆልፉት የከረሙትን ራሳቸው አጠፉት ማለት ነው። ለሰው ብነግረው ይስቃል።

"ምን ነበር ያለችው?"

"ስቆርጥ ቃሉን አልሰማም፣ ሰከንዱን ነው የማየው።" አንገቱን አከከ። "ድምጿ ግን ጎርነን ያለ ነበር። ገና ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ድምፅ ዓይነት።"

ጎርነን ያለ። ይህችን ቃል ይዤ ወጣሁ። ከዚያን ቀን በፊት ይህን ያህልም አልነበረኝም።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዲስኩ የወጣ ዕለት እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እኔን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ፊልሙ ላይ ስሟ አልተጻፈም፣ ፊቷ ግን መጣ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ልትናገር ስትል ምስሉ ቀጥ አለና ልጁ መንገድ ላይ ወጣ። እማዬ ከሰው ጋር ሳቀች። ከዚያ እኔን አውርዳ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ቆየች። አፍራ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ቁልፌ የሰጠኝ አዲሱ ዲስክ ንጹህ ነበር። አሮጌው ግን ሲገለበጥ አለቀለት፣ ከወጣ በኋላ ኮምፒውተሩም መልሶ ሊያነበው አልቻለም። እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝ። የአሮጌውን ፊት ሥዕል ሱቄ ውስጥ በቀለም አባዝቼ፣ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጬ አዲሱ ላይ ለጠፍኩት። የወለደው እንኳ አይለየውም። ዴኩ ውስጥ መልሼ ከተትኩትና አሮጌውን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩ።

አባዬ ፀጉሩን አሳጥሮ፣ ማጅራቱ ነጥቶ ተመለሰ። ወንበሩን ሳበ፣ ከፈተው። ምስሉ አልተበታተነም። እማዬ በሩን ገፍታ ገባች፣ ትሪዋን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች። የቀሚሷ አበባ ሁሉ ይታያል። የአባዬ ፊት በራ፤ ዛሬ እንዴት ቆንጆ ሆነች የሚል ይመስላል። ቀና ብላ አየች፣ አፏን ከፈተች፣ ልጁ መንገድ ላይ ነው።

ቀጥ አላለችም። ዴኩ አላኘከም። ቁልፉ ወጥቷላ።

"መልሺው" አለኝ። መለስኩት። አፏን ከፈተች፣ መንገድ። "አንድ ጊዜ ደግሞ።" መለስኩት። ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ መለሰው።

"ትቆይ ነበር" አለ። "እዚህ ጋ ትቆይ ነበር። ምን አደረግሽው?"

ውሸት አልሆንልኝ አለ። ይልቅ ንዴቴ ቀደመኝ።

"አስቀዳሁት! ቁልፉን አስወጣሁት! ምን የተቀመጠበት ቁልፍ እንደሆነም ነገሩኝ። አንተ ነህ ያስቆረጥካት። ሰው ሁሉ የራሱን ሲያቅፍ አንተ የሷን አሳልፈህ ሰጠህ፣ ለስምህ ስትል። እኔ ድምጿን አላውቀውም እኮ አባዬ! አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር!"

ጩኸቴ ለራሴም ከበደኝ። አባዬ ዲስኩን አውጥቶ ይሰብረዋል ብዬ ጉልበቱን አየሁ። አልሰበረውም። ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ዲስኩ የወጣ ዕለት ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ። 'የኔን ነው ያስቆረጥከው?' አለችኝ። 'ዲስኩ አልችል ብሎ ነው' አልኳት። 'ግድ የለም' አለች፣ 'አንተ ስቀረጽ ሰምተኸኝ የለ፣ አንተ ያዘው።'" እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። "ስትቀረጽ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል ነበር የያዝኩት። ስትሞትብኝም ይዤው ነበር። ከዚያ አንዱ ቃል ጠፋኝ፣ ቀጥሎ ሌላው። እዚያች ቦታ ቀጥ ስትል አንዳንዴ ትመለስልኝ ነበር፣ ብትንትን እያለችም ቢሆን። ለዚያ ነበር የማየው።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ አትቆይም።"

አሮጌውን ዲስክ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ዴኩ "ዲስክ የለም" አለ። ተነፈሰበት፣ ወለወለው፣ አስገባው። ዲስክ የለም። በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑን አልሰደበውም።

ከዚያ በኋላ አባዬ ወደ ሳሎን መምጣት ተወ። ራቱን በረንዳ ላይ ይበላል፣ የማንን ልፋት እንደማባዛም አይጠይቀኝም። ሥራ ቦታ ማሽኑ ወረቀት ሲያኝክብኝ እንባዬ ይመጣል፣ ተማሪዎቹ ወረቀቱ ያበሳጨኝ እየመሰላቸው "ግድ የለም፣ ነገ እንመጣለን" ይሉኛል። ፊቷን ጥርት አድርጌ አድኜ፣ እሱ የሚሰማት ቦታ ላይ በሩን ዘግቼበት መጣሁ። ይቅርታ የምትባል ነገር አፌ ላይ ትመጣና ትመለሳለች። የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

አንድ ምሽት አላስችል ብሎኝ ኮፒውን ከፈትኩትና ጠራሁት። አልመጣም። "አባዬ፣ ና እንጂ!" ብዬ ስጮህ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። እማዬ ገባች፣ ትሪዋን አስቀመጠች፣ ቀና አለች። አፏን ስትከፍት ሪሞቱን ተጫንኩት። ቀጥ አለች። አልዘለለችም፣ አልሄደችም፣ ልጁም መንገድ ላይ አልወጣም። እኛን እያየች ቆመች።

"አንዴ ካቆሙት መቀጠሉ አይቀርም" አለ አባዬ።

"እስክትለኝ አልነካውም።"

መጥቶ ተቀመጠ። እንደ ድሮው ወደፊት ዘንበል አለ። ተስፋ ቆርጬ ጣቴን ወደ ሪሞቱ ስወስድ፣ ሳይዞር፣ ቀስ ብሎ፣ "'ብርዱን አትናቀው። አንገትህን ሸፍን' አለችው" አለ።

እኔም ስወጣ እማዬ አንገቴን ትሸፍንልኝ ነበር፣ አሁን ገና መጣልኝ። አባዬ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ ለቀቅኩት፣ ልጁ ሄደ።

በማግስቱ እዚያው ላይ አቆምኩት። "'ሄደህ ሰው ፊት አትሽኮርመም፣ ከራበህ ራበኝ በል' አለችው።"

"አባዬ፣ ትናንት ሌላ ነበር ያልከው።"

"ትናንት ሌላ ነበራ ያለችው" አለኝ ቆጣ ብሎ።

ከዚያ ወዲህ አልተከራከርኩትም። አንዳንዱን ራሱ እንደፈጠረው አውቃለሁ፣ አንዳንዱ ግን የእሷ ይመስለኛል፤ ሲናገር ድምፁ ጎርነን የሚልባቸው አሉ። ጠዋት ሻዩ ላይም የተማሪዎቹን ነገር ማንሳት ጀመረ። ቤታችን ውስጥ ኮፒ መኖሩን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ማናችንም ስሙን አንጠራም።

ትናንት ደክሞት ነበር። አቆምኩለትና ጠበቅኩ። እማዬ አፏን ከፍታ ቆማለች። አባዬ አያት፣ አያትና፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ዛሬ አልሰማኋትም" አለኝ። "አንቺ ስሚያትና ንገሪኝ። ምን ትላለች?"

እኔ? የማላውቀውን ድምፅ? ዓይኖቿን አየሁ፣ ከዚያ የአባዬን ጉልበት፣ ሪሞቱን፣ እንደገና እሷን። ያን ዕለት ወጥ ቤት ገብታ የቆየችውን ሴትዮ አሰብኳት፤ ራሴ የጮህኩበትንም ሽማግሌ።

"'ቂም የለኝም' ትልሃለች" አልኩት።

መሐረቡን ከኪሱ ፈልጎ አጣው።

"ፊልሙ ላይ እንዲህ የሚል አልነበረም" አለ።

"አልነበረም።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምኩለት።